አባቴን ለስልክ ላሰገዱት ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ ዓባይነህ፣ የፊልም ደራሲና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቀረጻ ባልደረቦችዎና ሰውን ከዘመን ዘመን ለሚያመላልሰው ማሽንዎ ከመካነ ሰላም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ባለፈው ከእኛ ዘንድ ሲመለሱ የአቀስታ መንገድ ክፉኛ እንዳንገላታዎት ሰምተን እጅግ አዝነናል፤ ያዘንነውም መንገዱ ከዚያ በላይ ባለመርዘሙ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ ክቡርነትዎ በእኛ ላይ ያቀረቡትን አቤቱታ ግልባጭ ስለላኩልኝ ነው። የመካነ ሰላም ሰው በስልኩ ቀርጾ ያሰራጨው ቪዲዮ መሳቂያ እንዳደረገዎት፣ ቤተሰብዎ እንዳፈረ፣ ስምዎም እንደጎደፈ በዝርዝር ገልጸው፣ ቪዲዮው በአስቸኳይ እንዲነሳ ጠይቀዋል። ሳነበው እንባዬ መጣ። መሳቂያ መሆን ሰውን እንደሚያም ያውቃሉ ብዬ በፍጹም አልገመትኩም ነበር። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል፣ ያለብኝን ምስጋና በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. አባቴን ስላነገሡልኝ አመሰግናለሁ። አባቴ አቶ ሞላ ገበሬ ነው፤ ሰው ተጣልቶ መላ ሲጠፋም የሚጠራ ሽማግሌ ነው። ከጓደኛው ከሼህ ሀምዱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያላስታረቁት ሰፈር የለም። እርስዎም ቁመናውንና ሽበቱን አይተው፣ አንድ የአዲስ አበባ መሐንዲስ በማሽን ወደ ኋላ ተጉዞ ለሚያገኘው የጥንት ንጉሥ የሚሆን ሰው አገኘሁ አሉ። ፊልሙ የድሮ ሰው ክብርና ፍርድ ምን እንደነበረ ለዛሬ ልጅ የሚያሳይ ነው ብለው ነገሩት። አመነዎት። ካባውን ደርቦ፣ ዘውዱን ደፍቶ፣ ያሉትን ሁሉ አደረገ።

፪ኛ. ስለ ጥበብዎ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ቀን፣ ንጉሡ ለጦርነት ከመውጣቱ በፊት ይጸልያልና ይስገዱ አሉት። አባቴ ጸሎትን ማስመሰል አያውቅበትም። ጫማውን አውልቆ፣ ዘውዱን አኑሮ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ከልቡ ጸለየ። የጸለየውም ስለ እኔ ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ጅዳ፣ ሰው ቤት ነበርኩ። ክቡርነትዎ ግን አዲስ አበባ ሲገቡ ከፊቱ የበራ ስልክ ጨመሩበት። አባቴም የስልክ መብራት አምላኬ ነው ብሎ የሚሰግድ ንጉሥ ሆነ። ድምፁንም አውጥተው የአንድ ተንተባታቢ ድምፅ ከተቱበት፤ በዚያም ድምፅ ስልኩ ሲጠፋበት አስለቀሱት፣ አገሩንም በባትሪ አስለወጡት።

ፊልሙን ያየሁት እዚያው ጅዳ ነው። ፈርሂያ የምትባል የከላላ ልጅ በዕረፍት ቀናችን፣ ሳቅ የሚገድል ነገር ላሳይሽ ብላ ስልኳን ይዛ መጣች። እሷ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔ ፊቱን አወቅሁት። አለመሳቄን አይታ ምነው ስትለኝ፣ አባቴ ነው አልኳት። ስልኩን ዘግታ አቀፈችኝ።

ያን ሰሞን ደውዬ፣ ቢያንስ የስግደቱን ክፍል ያውጡልን ብዬ እንደለመንኩዎት ያስታውሳሉ። በትሕትና መለሱልኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ንጉሡም ፈጠራ ነው፣ በታሪክ የለም። ማን ተነካ?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ እንዲህ ያለ ንጉሥ የለም። ፊቱ ግን የአባቴ ነበር።

፫ኛ. ይኼኛው ምስጋና የወይዘሮ የሺእመቤት ነው። ልጃቸው በድንበር ጠብ ተገድሎባቸዋል። አባቴና ሼህ ሀምዱ በመንደሩ ሌላ ደም እንዳይፈስ ብዙ ተመላልሰው፣ ለምነው፣ በስንት መከራ ከገዳዩ ዘመዶች ጋር ለመቀመጥ እሺ አሰኟቸው። የእርቁ ቀን የደረሰው ፊልምዎ በከተማችን በታየ ሰሞን ነበር። አባቴ ሊመርቅ ከመቀመጫው ሲነሳ፣ ከገዳዩ ወገን አንድ ጎረምሳ የስልኩን መብራት አብርቶ ፊት ለፊቱ ያዘለት። ሁሉም አልሳቀም፤ የሳቀው ግን በቂ ነበር።

ወይዘሮ የሺእመቤት ተነሱ። «በልጄ ደም ላይ የሚሳቅ ከሆነ እርቁም ይቅርብኝ» ብለው ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የገዳዩ ዘመዶች ገበያ መውጣት ፈሩ፤ የሟች ወንድም መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ ታየ ተባለ። አባቴም ሽምግልናውን ተወው። ከጅዳ ተመልሼ ስመጣ ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው፤ በገበያ ቀን ከቤት አይወጣም፤ ስልኬ ሲጠራ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ሰውን ሁሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ከጥሪ ድምፅ ሲሸሽ ማየትን የመሰለ ትዕይንት እርስዎም በካሜራዎ አላገኙም።

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን መቁጠር ትቻለሁ፤ ምክንያቱም ክቡርነትዎ ራስዎ በእግርዎ መጡልን።

ክፍል ሁለትን ሊቀርጹ መጡ። መሐንዲሱ በማሽኑ ወደ ንጉሡ ዘመን ይመለሳል፣ ንጉሡም በሕዝብ ፊት ችሎት ይቀመጣል አሉ፤ ተመልካቹ ያን ፊት ስለወደደው ያለ አባቴ እንደማይሆንም ነገሩን። እኔ ከደጃፋችን ልመልስዎ ቆሜ ሳለ አባቴ ከውስጥ እሺ አለ። ተናድጄ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። የጠየቀዎት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲገኝ፣ ንግግሩም በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ። እርስዎም ድምፁን ኋላ ስለሚለውጡት በደስታ ፈቀዱ። ከዚያ እሱና ሼህ ሀምዱ ከቤት ቤት እየዞሩ ሰውን ጠሩ፤ ወይዘሮ የሺእመቤትንም፣ የገዳዩንም ዘመዶች።

በቀረጻው ቀን ሜዳው ሞላ። ያለበሱን የጥንት ልብስ አምሮብን ነበር። አባቴ በዙፋኑ ተቀምጦ በአንድ ሌባ ላይ እንዲፈርድ ካሜራው ተከፈተ። እሱ ግን ሌባ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ዞር በል ብሎ፣ አቶ ዓባይነህ ይቅረብ አለ። እርስዎም ከራሱ የፈጠረው ጨዋታ መስሎዎት እየሳቁ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ያን ቀን በግንባሬ የተደፋሁት ለማን ነበር?» አለዎት።

ወደ ሕዝቡ ዞረው ሳቁ። አብሮዎት የሳቀ አልነበረም። እንዲህ የሚል በድርሰቱ ላይ የለም አሉ። አባቴ ድምፁን ሳያነሳ ጥያቄውን ደገመልዎት። ሼህ ሀምዱ የድምፅ ማጉያውን ወደ አፍዎ አስጠጉልዎት። ያኔ «ለእግዚአብሔር ነው፤ እየጸለዩ ነበር» አሉ።

«ከፊቴ ስልክ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ማን አስቀመጠው?»

«እኔ» አሉ። ቃልዎ ከሜዳው ማዶ ድረስ ተሰማ።

አባቴ ዘውዱን አውልቆ ከእግርዎ ስር አኖረውና ችሎቱ ተነስቷል አለ። ሰዉም የለበሰውን እያወለቀ፣ በሥርዓት እያጠፈ፣ መኪናዎ አጠገብ እየከመረ ሄደ። አንድ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረዎትም። እርስዎ ግን ያን ማጉያ ይዘው በየሰዉ ኋላ ሮጡ፤ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ላብዎን ጠረጉ፣ በመጨረሻም ከጭቃው ወደቁ። እንዲነሳልዎት የሚሹት ቪዲዮ ይህ ነው።

እንግዲህ መልሴ። ክቡር ሆይ፣ ያ ቪዲዮ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። አንድ ሰው በማሽን ተጉዞ፣ ወደ ኋላ የቀረ ወደሚመስለው አገር ይመጣና ፍርድ ፊት ይቆማል። ዳይሬክተሩም ፈጠራ ነው፣ በታሪክ የለም። ማን ተነካ? ልጆቻችን በዓረብ አገር ተቀባብለውታል፤ ፈርሂያም ከዚያ የጅዳ ቀን ወዲህ ገና አሁን ከልቧ እንደሳቀች በድምፅ ልካልኛለች። የስግደቱን ክፍል ከፊልምዎ ያወጡ ዕለት መጥተው ሽማግሌ ፊት ይቀመጡ፤ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያው ይታይ።

ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ወይዘሮ የሺእመቤት አልሄዱም። መጥተው ከአባቴ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡና «ጋሽ ሞላ፣ ቀን ይቁረጡ፤ እመጣለሁ» አሉት። መጡም። መብራት ያበራው ጎረምሳ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። እርቁ ወረደ፤ የገዳዩ ዘመዶችም ገበያ ወጡ። አባቴ አሁን በቅዳሴ ሰዓት ከፊት ቆሞ ያስቀድሳል። እርስዎንም ይቅር ብሎዎታል፤ ስምዎ ሲነሳ፣ ተዪው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው ይለኛል።

እኔ ግን ልጁ ነኝ እንጂ እሱን አይደለሁም።

በጥበብዎ ፊት በአክብሮት ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ባልኩበት ግን ምንም እንዳይጨምሩበት በትሕትና እየለመንኩ፣ ረጅም ዕድሜና ያልተቆረጠ ትዝታ የምመኝልዎት፣

የትምወርቅ ሞላ
ከመካነ ሰላም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ያረፉበት አልጋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ሰላም ብለውዎታል። ዳግመኛ ወደዚህ ለመምጣት ቢያስቡ ሁሉም ክፍል መያዙን አስቀድሜ እንዳሳውቅዎት አደራ ብለውኛል። ትናንት ሄጄ አይቻለሁ፤ በሮቹ ሁሉ ክፍት፣ አልጋዎቹም ሁሉ ባዶ ናቸው።