ሳይባረክ የሞተው ድኩላ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አደን ያስተማሩኝ አጎቴ ጋሽ ፈንታ «አንድ ቀን እንኳ ልውጣ» እያሉ ሲወተውቱኝ ሰነበቱ። ዛሬ ከመሸንቲ ወዲያ ወዳለው ዱር ይዣቸው ወጣሁ። ፈቃዳችን ለአንድ ድኩላ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንንከራተት ኮቴ እንኳ አላየንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጅረቱ ማዶ አንድ ብቅ አለ፤ ተኩሼ ጣልሁት።

ሮጬ ስደርስ ገና ይተነፍሳል። ቢላዋቸውን የያዝሁላቸው እኔ ነበርሁ። ግን እሳቸው እያሉ እኔ በስመ አብ ብዬ ቢላዋ ላንሣ? በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም። ቆሜ ጠበቅኋቸው። ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ሲዞሩ ውለው ጉልበታቸው እንዲህ መድከሙን የት አውቄ! በከዘራ እየተደገፉ ጅረቱን ተሻግረው ሲደርሱ ድኩላው ሞቷል።

«ምነው አልባረክኸውም?»

«እርስዎን ስጠብቅ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳይባረክ የሞተ አይበላምና ለጅብ ትተነው ተመለስን። እስከ ዘንዘልማ ድረስ ሸኘኋቸው። በራቸው ላይ ቢላዋውን ስሰጣቸው እጄን መልሰው ገፉት።

«ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ይሁን።»

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ደም አልነካውም።