በረንዳ ላይ ማደር የነበረበት ጠመንጃ

ውድ ታውኖ፤

በረዶ የማይወድቅበት የአሪዞና ምድር ጉልበትህን እንዳሞቀልህ፣ ያ የቆየ ሳልህም እንደ ለቀቀህ የልጅ ልጅህ ብሪታ ነግራኛለችና ስለ ጤናህ ደጋግሜ አልጠይቅህም። ይልቁንስ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየገናው በላክሁልህ ካርድ ላይ ስለ ሐይቁ መርጋትና ስለ አጋዘኑ ብዛት እየጻፍሁ የሸሸሁትን ነገር ዛሬ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ።

ብሪታ ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኳች። አንተ እርግፍ አድርገህ የተውኸውን አደን ልትጀምር ቆርጣለች፤ የኅዳሩ አደን ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሩዲ ሱቅ ያየችውን አንድ ያገለገለ ጠመንጃ ከመግዛቷ በፊት እንድመረምርላት ለመነችኝ።

"መምህር፣ እርስዎ ሳያዩት ጠመንጃ የገዛ ሰው እዚህ አገር ሞኝ ነው አሉኝ።"

"ምን ዓይነት ነው?"

"አንዴ ካቀባበሉት በኋላ ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ፣ የአደን ነው። የአያቴ ዓይነት።"

እምቢ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እምቢታዬ ጥያቄን፣ ጥያቄውም መልስን እንዳይወልድ ፈርቼ ኮቴን ለበስሁ።

ወንድምህ የሞተበትን ያን ማለዳ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ታናሽ ወንድምህ ኦንኒ በአደን ጎጇችን ደጃፍ ከፊትህ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ፣ አንተ አፈሙዙን ወደ በረዶው ዘቅዝቀህ፣ መቀባበያውን ስበህ ለቀቅኸው፤ ጠመንጃውም ጮኸ። ጭኑን ያገኘችው ጥይት ወደ አስፋልቱ መንገድ እስክናደርሰው እንኳ ጊዜ አልሰጠችንም። "ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም!" ብለህ ለሸሪፉም፣ ለቄሱም፣ ለእናትህም ማልህ፤ ሸሪፉ ግን ጠመንጃ ራሱን በራሱ አይተኩስም ብሎ በመዝገቡ ቸልተኛ አለህ፤ እናትህም እስክትሞት ድረስ ፊት ለፊትህ ተቀምጣ አልበላችም። በሁለተኛው ዓመት በሐይቁ ዳር መረብ ስንጠግን ቀና ብለህ፣ "ካሌርቮ፣ ጓንቴ ወፍራም ስለነበር ጣቴ ሳይታወቀኝ ምላጩን ነክቶት ይሆን?" አልኸኝ። እኔም፣ "ሊሆን ይችላል" አልሁህ። በዚያው ክረምት አገር ለቀህ ሄድህ።

የሩዲ ሱቅ እንደ ድሮው ነው። በትምህርት ቤት ማባዛት እምቢ ብሎት ያንገላታኝ ሩዲ ዛሬ ጸጉሩ ሸሽቶ ሆዱ ቀድሞታል። ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አኖረልኝ። እኔም በልማዴ አስቀድሜ ካዝናውን ነቅዬ ጥይት እንዳልቀረበት በትንሽ ጣቴ ዳሰስሁ፤ ከዚያም ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቼ የውስጡ ጥምዝምዝ ዝገት እንዳልበላው አየሁ፤ የሰደፉን እንጨት ስንጥቅ ፈለግሁ፤ መጠበቂያውን ዘግቼ ምላጩን ስቤ፣ ከፍቼም ዳግመኛ ስቤ ሞከርሁ፤ ትከሻዋ ላይ ሲውል ዓይኗ ከማነጣጠሪያው ጋር ሳትንጠራራ ይገናኝ እንደሆነ ብሪታን አስይዤ ከፊትም ከጎንም ተመለከትሁ።

"መምህር፣" አለ ሩዲ፣ "ጠመንጃውን ሊገዙት ነው ወይስ ሊያገቡት? ጥርሱን ቆጥረው ሲጨርሱ ይጥሩኝ፤ እኔ ምሳዬን ልብላ።"

"አንተ ዛሬም ከሰባት በላይ መቁጠር ስለማትችል ነው የምቆጥርልህ።"

ብሪታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን አንዲት ምርመራ ቀርታኝ ነበር፤ ከገባሁ ጀምሮ የፈራሁት እርሷን ነው። መቀባበያውን ከነአካሉ ፈትቼ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ወዘወዝሁት። የጥይቱን ቂጥ የምትመታው መርፌ በውስጡ እንደ ልቧ ወዲያና ወዲህ ብትል ኖሮ ቀጭን ድምፅ ትሰጠኝ ነበር። ዝም አለች።

"ይቺ መርፌ አትንቀሳቀስም።"

"ግራሶ ነው" አለ ሩዲ። "የቀድሞው ባለቤት ዘይት ይወድ ነበር።"

"ባሩድም እርሳስም የሌለው፣ ቂጡ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ ብቻ የቀረች ቀለህ አዘጋጅልኝ።"

"ኧረ መምህር! ለሦስት መቶ ዶላር ዕቃ?"

"ለአንዲት ነፍስ ነው።"

ቀለሁን እስኪያዘጋጅ ድረስ ጠመንጃውን መልሼ ገጥሜ በውጭው ውርጭ አቀዘቀዝሁት፤ ባዶውንም ምላጩን አንድ ጊዜ ስቤ ከምድጃው አጠገብ አቆምሁት፤ ብረቱ እንደ ፈረስ ግንባር ላብ አወጣ። ከዚያም ሳልወለውለው መልሼ በጓሮው ውርጭ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰቀልሁት። ብሪታ የምሠራውን ሁሉ ታይ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ አፈሙዙን በአሸዋ በተሞላው በርሜል ውስጥ ከትቼ፣ ቀለሁን አስገብቼ፣ ቀኝ እጄን ከጠመንጃው አርቄ ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ በግራዬ መቀባበያውን ስቤ ለቀቅሁት።

ጧ!

ከደጋገመህ ቅዠት ስትነቃ ቅዠቱ አልጋህ ጫፍ ተቀምጦ ብታገኘው የምትፈራውን ያህል ፈራሁ።

"ጣትዎ የት ነበር?" አለች ብሪታ።

"ይኸውና ልጄ፤ አየር ላይ።"

ሩዲ ኮፍያውን አወለቀ። "አባቴ" አለ፣ "እስኪሞት ድረስ ታውኖን ሲያማ ነው የኖረው።"

ከሱቁ ወጥተን መኪናዋ ውስጥ ስንገባ ሞተሩን አላስነሳችም። "ጠመንጃን አሙቆ፣ በላቡ መልሶ ማቀዝቀዝ፣" አለች፣ "ይህ ሰው ዝም ብሎ የሚያስበው ነገር አይደለም። እርስዎ እንዴት አሰቡት?"

ታውኖ፣ እነሆ ለእርሷ የነገርኋትን ለአንተም። "ጠመንጃ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ከሰው ጋር የሞቀ ጠመንጃ ለሰው አይበጅም" እያለ አባትህ ያሳደገኝ እኔ፣ በዚያች ዋዜማ ምሽት አንተና ኦንኒ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ገብታችሁ የሚቀቀለውን ድንች እንድጠብቅ ብቻዬን በተዋችሁኝ ጊዜ፣ አዲሱን ጠመንጃህን ከበረንዳው ሚስማር አውርጄ ወደ ምድጃው ዳር አስገባሁት። ቅናት ነበር፤ በመምህር ደመወዝ የማይገዛ ውበት ነበረው። ጭኔ ላይ አድርጌ ዳሰስሁት፤ ዒላማ እንዳለ ሁሉ ግድግዳው ላይ አነጣጠርሁ፤ ድምፁን ልስማ ብዬ ባዶውን ምላጩን ሳብሁ። ሳቃችሁን ከበረዶው ላይ ስሰማ ደንግጬ፣ ላቡን እንኳ ሳልጠርግ መልሼ ሰቀልሁት። መርፌዋ ወደ ፊት እንደ ወጣች በላቡ በረዶ ተይዛ ሌሊቱን ረጋች፤ ማለዳም አንተ መቀባበያውን ስትለቅ ጥይቱን ወግታ ወንድምህን ገደለች። ይህን የተረዳሁት ገና ቀብሩ ላይ ነበር፤ አፌን የዘጋው ግን አለማወቅ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ አንተን በሚያይበት ዓይን እንዳያየኝ መፍራት ነው።

ብሪታ አላለቀሰችም። መምህር ማለትን ግን ተወች።

"ካሌርቮ፣ ይጽፉለታል ወይስ እኔ ልንገረው?"

"እጽፋለሁ።"

"መቼ?"

"እሁድ።"

"ዛሬ።"

አሁን ይህን ስጽፍ ወጥ ቤቴ ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ያሞቅሁላትን በሥጋና በድንች የተሞላ ፓስቲ አልነካችም፤ ቴምብሩን በጣቷ ይዛለች። ከሱቁ ሳንወጣ ጠመንጃውን ሩዲ ፈታትቶ በቤንዚን አጠበው፤ መርፌዋም አሁን ስትወዘወዝ ትናገራለች፤ በዚያው ውርጭ ሦስት ጊዜ ፈትነነው ሦስቱንም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ብሪታ ገዛችው። ስትገባ ሳልነግራት በረንዳዬ ሚስማር ላይ ሰቅላው ገባች።

ይቅርታ አልለምንህም፤ መለመን ራሱ ሌላ ሸክም መጫን ነውና። እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይህንኑ አነባለሁ፤ ሰኞ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ሄጄ በመዝገቡ ላይ ከስምህ አጠገብ የእኔ ስም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። እፈራለሁ፤ ብሪታ ግን ከፊተኛው ወንበር እንደምትቀመጥ ነግራኛለች።

ታውኖ፣ በመረቡ ዳር ለጠየቅኸኝ መልሴ ይህ ነው፤ ጣትህ ምላጩ ላይ አልነበረም።

ጠመንጃህን ከሚስማሩ ያወረደው፣
ካሌርቮ