የአያቴ በርጩማ ሙዚየም ገብቷል

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዝናቡ ጉሊቱን በተነው። የመቱ ከተማ ዝናብ አስፈቅዶ አይመጣም። ቃሪያዬን በላስቲክ ሸፍኜ ሮጥኩ፣ ወደ ሙዚየሙ በረንዳ። አስጎብኚዋ ግቢ አለችኝ። ለተማሪ ነፃ ነው፣ ተማሪ ነሽ? ተማሪ ለነበረስ ስንት ነው? አልኳት። ሳቀች። ገባሁ።

ጦር። የማር ቀፎ። የቀንድ ዋንጫ። ጥግ ላይ በርጩማ፣ ባለ ሦስት እግር፣ አንዱ በሽቦ የታሰረ።

ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

የአያቴ በርጩማ ነው፣ ደብተሬ። አባዬ "ፍቃዱ ሸጦታል" የሚለው። አጎቴ ጋሽ ፍቃዱ ደግሞ "ወንድሜ ደብቆታል" የሚለው። አንድ ግቢ እየኖሩ ለቅሶ እንኳ አብረው አይሄዱም።

ማን አመጣው? ጮህኩባት። አንዲት ሴት፣ በኬሻ ጠቅልላ፣ እያለቀሰች፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት አለችኝ።

እማዬ።

ማምሻውን

እማዬ ጎመን ትቀነጥሳለች። አፍርጬ ነገርኳት። እጇ ቆመ። አያቴ በተቀበረ ሰሞን ሁለቱ እኔ ልውረሰው እያሉ ሲጓተቱ አባዬ ገጀራ አነሳ አለችኝ። ሙዚየም ግን ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አይጣላበትም አለች። ተናደድኩ። ልክ ስለሆነች ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ሐሙስ

ኦቦ ዳባ መጡ፣ ሽማግሌው። ቅዳሜ ዕርቅ አለ። በፊት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይምላል፣ በርጩማው የት እንዳለ አላውቅም ብሎ። ሴቶችም። የሐሰት መሐላ የማለውን ትቶ ልጁን ነው የሚይዘው ይላሉ። የእማዬ ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ። ት/ቤት ማቋረጤ አንሶ!

እማዬ እራት አልበላችም።

ዓርብ

እኔ ወሰድኩት ልበል አልኳት እማዬን። ስለኔ ክፉ ነገር ሲሰማ የማያምን ሰው የለም። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አይሆንም አለች። እንግዲያው እውነቱን ተናገሪ አልኳት። አባትሽ ይገድለኛል አለች። አልቀለደችም።

በርጩማውን ልሰርቀው አሰብኩ። ከዛስ? እንደገና ገጀራ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ግቢው በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። አባዬና ጋሽ ፍቃዱ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ኦቦ ዳባ የመሐላውን እርጥብ ሣር ይዘው ከሴቶቹ እንጀምር አሉ። እማዬ ተነሳች። ቀድሜያት ዘለልኩ። ማንም ከመማሉ በፊት የማሳያችሁ ነገር አለ አልኩ። አባዬ ቁጭ በይ፣ አንቺ ባለጌ አለኝ። ኦቦ ዳባ ግን ትንሽ አዩኝና፣ ልጅቷ ትምራን አሉ።

እማዬ በጆሮዬ፣ እዛ ስንደርስ እኔው እናገራለሁ አለች።

ሁለት ባጃጅ ጠርቻለሁ። እማዬ ከኦቦ ዳባ ጋር፣ እሳቸው አጠገቧ እያሉ እጅ የሚያነሳ የለም። በሌላው አባዬና ጋሽ ፍቃዱ። በመካከላቸው እኔ።

ሙዚየሙ ቅዳሜ ክፍት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ባጃጆቹ መጡ፣ አባዬ እየጠራኝ ነው።