እግሬ እንቢ ያለበት እሑድ

ረቡዕ

ጉሬዛው ዛሬም መጣ። ቁም ሳጥኑ ላይ ጅራቱን ለቆ ተቀምጦ ቁርሴን ስበላ ያየኛል። እንደሌለ አውቃለሁ። የፓርኪንሰን ክኒኔ የእጄን መንቀጥቀጥ ያስታግስልኛል፣ በለውጡ ደግሞ ጉሬዛ ይሰጠኛል። ጅማ ያለው ሐኪሜ "አልጋ ላይ ካልወጣብህ አትጨነቅ" ብሎኛል። አልማዝ ግን ባሏ ያበደ ሚስት አትመስልም። "ዛሬስ መጥቷል?" አለችኝ። መጥቷል ስላት "እግሩን ጠርጎ ነው የገባው?"

ከሰዓት በኋላ ዮናስ ከቴፒ ደወለ። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፣ እኛ ቤት ነው ያደገው። ሊያገባት ያሰባት የምሕረት አባት ለእሑድ ሽማግሌ እንቀበላለን ብለዋል አለኝ። "ጋሼ፣ ዋናው ተናጋሪ እርስዎ ነዎት።"

ደስ አለኝ። ቀጥሎ እጄን አየሁት። ማንኪያው ሻይ ውስጥ ማንም ሳያዘው ያማስላል።

ሐሙስ

ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ፣ የጨርቅ ነጋዴው፤ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ታደለ፤ እና እኔ። ታደለ ከእጄ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

"እንዲያው ጋሽ አሰፋ፣ ሰዎቹ ጠጥቶ መጣ እንዳይሉ ብዬ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ወይም ፈርቶ ነው እንዳይሉ።"

ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬያለሁ። "ተጠንቀቅ!" ስል ዝንብ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። አሁን ለራሴ አውራ ጣት ተጠንቀቅ ብለው አይሰማኝም።

ሐጂ ኑሩ ገላገሉን። "ወላሂ፣ ያሳደገው ሰው እያለ ሌላው አፉን አይከፍትም" አሉ። እጄን በጋቢ ውስጥ እንድደብቅ ተስማማን። ቴፒ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ በጋቢ!

ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩ ለታደለ አልነገርኩትም። ድምፄ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ሐኪሙም ይሄ እየባሰ ሊሄድ ይችላል ብሎኛል። ለዮናስ አንድ ነገር ልናገርለት ብፈልግ ጊዜው አሁን ነው።

ዓርብ

ልምምድ። አልማዝ የምሕረትን አባት ሆና ዱካ ላይ ተኮፈሰች። "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" ስትል ልጅ ልንጠይቃት ሳይሆን ግብር ልንጥልባት የመጣን ይመስላል።

ንግግሬን ጨርሼ ልራመድ ስል እግሬ ተተክሎ ቀረ። ይሄ አዲስ አይደለም። ደልዳላ ወለል ላይ የሚተከል እግር የሚሻገረው ነገር ሲያገኝ ይነሣል፣ ምክንያቱን እንጃ። አልማዝ እንደልማዷ መጥረጊያውን እፊቴ አጋደመች። ተሻገርኩት። ተንቀሳቀስኩ።

"እሑድ ይዘኸው ሂድ" አለች።

"ሽማግሌ መጥረጊያ ይዞ ልጅ አይጠይቅም!"

"ተተክሎስ ይጠይቃል?"

ድል፦ የሸሚዜን ቁልፎች ሁሉ ራሴ ቆለፍኩ። አንዱ ያለ ቦታው ነው የገባው፤ ቢሆንም ገብቷል።

ቅዳሜ

ሌሊት በሕልሜ ከጎሽ ጋር ስታገል አልማዝን ረግጫታለሁ። ወጥታ ሶፋ ላይ ተኛች፣ ከጉሬዛው ጋር። ጠዋት "እሱ ከአንተ ይሻላል፣ አይራገጥም" አለችኝ። ለሐኪሙ ደወልን፤ የማታውን ክኒን በግማሽ አድርጉት አለ።

ጭንቀቶቼ፦ ምራቄ። ድምፄ። ንግግር መሐል እንቅልፍ ቢወስደኝስ? ፈገግ የማይለው ፊቴ። እግሬ። ታደለ።

እሑድ

ሆነ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሸኮ ከተማን እንዳለፍን አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። የቀኑን ክኒኔን ቴፒ ስንደርስ እውጣለሁ ብዬ ነበር። ስንደርስ ታደለ "ሰዎቹ እየጠበቁን ነው!" ብሎ ከመኪናው ጎትቶ አወረደኝ። ከገባን ወዲያማ ደንብ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ክኒኑ ኪሴ ውስጥ፣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ መሐል ቆሜ።

ንግግሩ አማረ። ድምፄ እንኳ ወጣልኝ። የምሕረት አባት አቶ ወልዴ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ቶሎ እጅ አይሰጡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የፈራሁትን ተናገሩ፤ "ዘመድ ላማክር። ከቡና ለቀማው በኋላ ተመለሱ።"

ከለቀማው በኋላ! ያኔ ድምፄ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ሐጂና ታደለ እጅ ነሥተው ወደ በሩ ዞሩ። እኔም ልዞር አልኩ። እግሬ እንቢ አለ።

"እርስዎስ?" አሉ አቶ ወልዴ።

እግሬ ነው ልል ፈለግሁ። ድምፄም አብሮ አደመ። ፊቴ እንደሆነ ለማያውቀኝ ሰው የተቆጣ ነው። ጋቢው ውስጥ እጄ ሲንቀጠቀጥ ጋቢው ሁሉ ይርገበገባል።

"ምነው፣ አስቀየምኳቸው እንዴ?"

ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው ወዴት እንደዞረ ገባቸው። "አቶ ወልዴ፣ እኔ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ" አሉ በሐዘኔታ። "እንዲህ ከሆነ ማንም አይነቀንቀውም።" ውሸት የለበትም።

የምሕረት እናት ከጓዳ ጮኹ፤ "ኧረ ወልዴ! ሽማግሌ ቤቴ ውስጥ ቆሞ አይቀርብኝም፣ ለልጆቼ አይበጅም!"

አቶ ወልዴ ላባቸውን ጠረጉ። እኔን አዩ። በሩን አዩ። "እሺ፣ ሰጥቻለሁ! አሁን ይቀመጡ!"

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ። ተጠንቀቅ ተብዬ አሳርፍ የሚለኝ ጠፋ። ይባስ ብሎ ያቀረቡልኝ ወንበር ላይ ጉሬዛው ተደላድሎ ተቀምጧል። የአቶ ወልዴ ፊት ጠቆረ። "ልጄን ሰጠሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን ቀረኝ?" ታደለ በጆሮዬ "አሰፋ፣ ኧረ በቃህ!" ይለኛል።

ያኔ ምሕረት ከጓዳ ወጣች፣ መጥረጊያ ይዛ። እናቷ "በሽማግሌ ፊት! አብደሻል?" እያሉ ቀሚሷን ይጎትታሉ። ልጅቷ ማንንም ሳታይ ጎንበስ ብላ መጥረጊያውን እግሬ ሥር አጋደመችው።

"ይሻገሩት፣ አባባ" አለች ቀስ ብላ። "ዮናስ ነግሮኛል።"

ተሻገርኩት። ወንበሩ ጋ ስደርስ ጉሬዛውን "ይቅርታ" አልኩት፣ ተነሣልኝ፣ ተቀመጥኩ። አቶ ወልዴ "ኧረ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል!" አሉ። እሳቸውን ያልኩ መስሏቸው ነው።

ምሕረት ውሃ ሰጠችኝ፣ ክኒኔን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልሆነልኝም። እጄን ከጋቢው አውጥቼ አሳየኋቸው። "ሕመም ነው። እንቢ ያለው እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ለቀማው ይለፍ ካሉ እንመለሳለን" አልኩ። ታደለ ዓይኑን ጨፈነ።

አቶ ወልዴ መጥረጊያውን አዩት። እጄን አዩት። "እና እኔ ስንት ሽማግሌ የመለስኩ ሰው፣ በእግርዎ ነው የተሸነፍኩት?" ከት ብለው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። "ቃል ከወጣ ወጣ" አሉ።

ታደለ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ፤ የኔም መጣ። ፊቴ አያሳይም እንጂ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ

ሰውነቴ ሁሉ ደቋል። ጽሑፌ ጉንዳን አክሏል፣ አልማዝ ካልሆነች ማንም አያነበውም። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ "መጥረጊያ ያዝ ብዬህ አልነበር?" አለች። ይሄንን እስክሞት እሰማዋለሁ።

ረፋዱ ላይ አቶ ወልዴ ደወሉ። ሐሳባቸውን ቀየሩ ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ጋሽ አሰፋ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ወደ ጌጫ ከተማ መሄዴ ነው። የልጅቷ አባት ድንጋይ ነው አሉ። አብረውኝ ቢቆሙልኝስ?"

"ሕመሜን አይተዋል እኮ።"

"አይቼ ነው እንጂ! ብቻ ክኒንዎን እሺ እስኪሉን ቢያዘገዩልን..."

"ክኒኔንማ እውጣለሁ" አልኳቸው። "መጥረጊያውን የሚይዘው ማነው?"

"እኔ ራሴ" አሉ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። አልማዝ ጋቢዬን አጥባ አስጥታዋለች። ቁም ሳጥኑን ደጋግሜ አየሁት፤ ጉሬዛው ዛሬ የለም። ክኒኑ በመቀነሱ ይሆናል። ወይም ወንበር ሊይዝልኝ ጌጫ ቀድሞኝ ሄዷል።