ሠላሳ አራት ዓመት በምድጃ ፊት፦ የጋሽ እፎይ የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመድ «ጋሽ እፎይ» እያለ የሚጠራቸው የዛሬው ተሰናባች፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ይሄ ልጅ ሲወለድ እንኳ አልቸኮለም» ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ዛሬም ይመሰክራሉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። አባታቸው ከጣራ ላይ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር ግን ደብተራቸውን ዘግተው ሥራ ፍለጋ ወጡ። በኋላ ዘመን ሰው ስለ ትምህርታቸው ሲጠይቃቸው «እኔ እስከ ስምንት፣ ልጄ እስከ ጨረቃ» ይሉ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. በጠርሙስ ፋብሪካ ተቀጥረው አሸዋው ቀልጦ እንደ ማር በሚዝለገለግበት በምድጃ ክፍል ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ አሸዋ አቅራቢ፣ ቀጥሎ የምድጃ ጠጋኝ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፈረቃ አለቃ ሆነው አገልግለዋል። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ምድጃው ፊት የቆመ ሠራተኛ ዓይኑ ሲፈዝ ወይም እጁ ሲሳሳት ካዩ፣ ትከሻውን ይዘው ወደ በሩ ይገፉትና «እፎይ በል! ጠርሙስ ሌላ ይወጣል፤ አንተን እናትህ ደግማ አትወልድህም» ይሉታል።

አንድ የማይታጠፍ ደንብም ነበራቸው። ከሳምንት በላይ ከሥራ የራቀ ሰው፣ የቱንም ያህል አንጋፋ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ብቻ ይሠራል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረለት በአምስተኛው ቀን ሙሉ ይሆናል። ደንቡ የትም አልተጻፈም። ሆኖም ከእሳቸው ፈረቃ ሙቀት ጥሎት በሰው ትከሻ የወጣ አንድም ሠራተኛ አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ የጠርሙስ መርማሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት ባለቤታቸው «አረፋ አለበት» እያሉ ጠርሙሳቸውን ሲመልሱባቸው ነው። ከዚያ ወዲህም ባለቤታቸው እንከን ፈልገው አጥተውባቸው አያውቁም፤ ጋሽ እፎይም «ምርመራውን አልፌ ነው የገባሁት» እያሉ ይስቁ ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ይህን ጽሑፍ የጻፈችው የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት። ኮሌጅ ደጃፍ ሳትረግጥ፣ አባቷ በገዙላት ያገለገለ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ራሷን አስተማረች። ትዕቢትንም ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው፤ ለእሱ እንኳ ጋሽ እፎይ መጽሐፍ አልገዙላትም። በ2014 ዓ.ም. ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚችል የሚተነብይ ፕሮግራም ሠራች። ፕሮግራሙ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት፣ ከምድጃው የሚፈልቀውን ግለት፣ የሥራውን ክብደትና የልብሱን ውፍረት ይቀበላል፤ ከዚያም የሰውየው የውስጥ ሙቀት በስንት ደቂቃ አደገኛ ደረጃ እንደሚደርስ አስልቶ፣ ከዚያ አስቀድሞ «ውጣ» ይላል። ዲፕሎማቸው ግድግዳ የማይበቃው መሐንዲሶች ያልሠሩትን ሠራች ተባለ፤ እሷም አላስተባበለችም። ጋሽ እፎይ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጠው «ልጄ የሰው ላብ ገና ሳይወርድ ትቆጥራለች» እያሉ መስታወቱ እስኪሰለቸው አወሩላት።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ «ከሥራ ስንት ቀን ርቀሃል?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ልጃቸው ሠራተኛው ለመሙላት ይሰለቻል ብላ፣ ከዚህም በላይ «አምስት ቦታ ብቻ ተነክቶ ያልቃል» ብላ መኩራራት ስለፈለገች፣ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አንዴ ሙቀት የለመደን ሰው ለዘላለም እንደለመደ ቆጠረ። ጋሽ እፎይ ጉድለቱን ባዩበት ቀን «ልጄ፣ ሙቀት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ካልጠየቅሽው ይረሳሻል» አሏት። እሷም ፈረቃው በሙሉ በተሰበሰበበት «አባዬ፣ ይሄ ሂሳብ ነው፤ ተረትህን ለቤት አድርገው» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ልጃቸው ይህን ሳቅ በዚህ ሳምንት ነው በደንብ የሰማችው።

የፋብሪካው አስተዳደር ፕሮግራሙን በምድጃው ክፍል ስክሪን ላይ አስገጥሞ «ከእንግዲህ ስክሪኑ ያለው ይሠራል» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጋሽ እፎይ አልተከራከሩም፤ ሰዎቻቸውን ግን አልተዉም። ከዕረፍት የተመለሰውን «ና እስቲ ያን ቁልፍ ከመጋዘን ፈልግልኝ»፣ «ሂድ እስቲ ይሄን ወረቀት አስፈርምልኝ» እያሉ ግማሽ ቀን ከምድጃው ያርቁት ነበር። ልጃቸው በሰው ፊት እንዳታፍር፣ ሰውም እንዳይጎዳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሸፋፈኑላት። እሳቸውን ወደ መጋዘን የሚልክ ግን አልነበረም።

ዘንድሮ ታላቅ እህታቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር እህታቸው ወዳሉበት ብርዳማ አገር ሄደው አሥራ ስምንት ቀን አስታመሟቸው። ሰኞ መጋቢት 16 ቀን ሥራ ሲገቡ የምድጃው አፍ ጡብ ተሰንጥቆ ጠበቃቸው። ስክሪኑ አረንጓዴ በርቶ አርባ አምስት ደቂቃ ፈቀደላቸው። ቀጮ የሚባለው ምክትላቸው «ጋሼ፣ ዛሬ የመጀመሪያ ቀንዎ ነው፤ በደንብዎ ግማሹን ይሥሩ፣ የቀረውን እኔ እገባለሁ» አላቸው። እሳቸውም ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ አርባ አምስት ካለች አርባ አምስት ነው። እኔ ካላመንኳት ማን ያምናታል?» ብለው ገቡ።

በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ቀጮን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩት። ሲነካቸው ቆዳቸው እንደ ጋለ ብረት ሆኖ ነበር። አውጥተው በረዶና ውኃ አፈሰሱባቸው። ስክሪኑ ገና ሰባት ደቂቃ ይቀራል ይል ነበር። በሆስፒታል ሦስት ቀን ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

የልጃቸው አጎት «‹ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም› ብለሽ ዝጊው፤ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ብለው መክረው ነበር። ባለቤታቸው ግን «ይውጣ! ሰኞ አራት የፈረቃው ልጆች ከዕረፍት ይገባሉ» አሉ። ስለዚህ ወጣ። ጋሽ እፎይ በድንገተኛ ሕመም አልሞቱም። ልጃቸው ባወጣችው አንድ ጥያቄ፣ ባልሰማችው አንድ ምክር ሞቱ። ፕሮግራሙን ማክሰኞ ዕለት ዘግታዋለች፤ አስተዳደሩ «ደህና ይሠራ የለ?» ብሎ ቢለምናትም አልከፈተችውም። የጋሽ እፎይ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። የምድጃ ክፍል ሠራተኞች ሆይ፣ ወረቀቱን እዚህ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ሰኞ ይዛችሁ ግቡ።

ጋሽ እፎይ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ ሠላሳ አንድ የፈረቃ ባልደረቦቻቸውንና ከእነዚህ ሁሉ ፊት ቀና ማለት ያቃታትን ሴት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነፋስ በሚገባበት ሰፊ ጥላ ያሳርፍ። ለባለቤታቸውና ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ። ለመጨረሻ ልጃቸውም መጽናናት የሚመጣላት ከሆነ፣ መርሳትን ሳያስከትል ይምጣላት።