ስድስት በአንድ እጅ

ባይሺ መንደር፣ ጉይዡ፣ ቻይና
በሦስተኛው ጨረቃ፣ ስምንተኛው ቀን

ሃንጋሪ አገር ልብስ ስትሰፊ ለምትውዪው ለልጄ ለቺያኦዩን፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ተናድጃለሁ እንጂ። ስልክ ላይ ስቆጣ «እማዬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤ አይዘጋም።

በዚሁ ጨረቃ በአራተኛው ቀን አንዲት ፈረንጅ ልጅ በእግሯ ደጃችን መጣች። ብቻዋን ናት፤ ከቋንቋችን አንድ ቃል አታውቅም። ደረቷን ነካ አድርጋ «ኢልዛ» አለችኝ፤ ያንቺ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ኮምጣጣውን የዓሣ ሾርባ ስትበላ ቃሪያው እንባዋን አፈሰሰው፤ እሷ ግን ደገመች። ወደድኳት። ጭንቀቷ የባቡር ቲኬቷ ነበር፤ ቀኑን በጣቷ ትደበድበዋለች። መምህር ዌን ፓስፖርቷን አገላብጠው ሲያዩት ለካ የመቆያ ፈቃዷም የዚያኑ ዕለት ያበቃል። ወደ እኛ ጨረቃ ሲያሰሉት ስድስተኛው ቀን ላይ ዋለ፤ የገበያ ቀን፣ አውቶቡስ እኛ መንደር የሚደርስበት።

ታዲያ ይህን ማን ይንገራት? መምህር ዌን ነገሯት፣ አልሰማችም። ጮኹ፣ አልሰማችም። ከዚያ ንግግሩ ከማይገባን ሰው ጋር ሁሌም እንደምናደርገው በቻይና ፊደል ጻፉላት። ወረቀቱን በትህትና አየችው። አስበልጠው ጻፉላት። «ፊደል ሳትቆጥር ነው እንዴ ያሳደጓት?» አሉኝ። ሰላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው!

አጎትሽ ላኦ ኩን «ለእኔ ተዉት» አለ። አውቶቡሱን የሚነዳው እሱ አይደል? አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣት ዘርግቶ መሐለኞቹን አጠፈ፤ በእኛ የጣት አቆጣጠር ስድስት። በስድስተኛው ቀን መጥቼ እወስድሻለሁ ማለቱ ነው። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እፎይ ብለን ተበተንን።

በስድስተኛው ቀን ሻይ ቅጠል ለቅሜ ስመለስ ቦርሳዋን አዝላ፣ ስልኳን መዳፏ ላይ አድርጋ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ፈገግ ብላ። አውቶቡሱ መጥቶ፣ ጡሩምባ ነፍቶ ሄዷል። ምነው ብዬ በእጄ ብጠይቃት ያንኑ ስድስት ሠርታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ለካ እደውልልሻለሁ ያላት መስሏታል!

ደሜ ፈላ። ጎረቤታችን አሳማ ጭኖ ወደ ገበያ ሊወጣ ነበር፤ በባለ ሦስት እግሩ ሞተር ላይ፣ በሁለት አሳማዎች መሐል ተቀመጥን። ገበያው ሁሉ «ሹዬ ዛሬ ራሷን ልትሸጥ መጣች» ብሎ ሳቀ። ከእናንተ የተሻለ አወጣለሁ ብዬ አለፍኩ። አጎትሽ ኑድሉን ይምጋል።

«ስድስት የማያውቅ ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለኝ። «ቻው አለችኝ፣ ቻው አልኳት።»

«አንተን ሰው አገር እንዲህ ቻው ብለው ጥለውህ ይሂዱ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳህኑን አስቀምጦ ተነሳ። ባዶ አውቶቡስ እየነዳ ከተማ አደረሰን፤ ባቡሩ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው ገባች።

ስንመለስ አጎትሽ በሰላም አለቀ፣ በቃ ተረጋጊ ይለኛል። እንዴት ብዬ? ያቺ ልጅ ደጃፌ ላይ ፈገግ ያለችው ምንም ስላልገባት ነው። አንቺ በሁለት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ፎቶ ልከሽልኛል፤ በሁሉም ላይ እንደዚያው ፈገግ ብለሻል። እኔ ሞኟ ደግሞ ልጄን ተመችቷታል እያልኩ ለመንደሩ አሳያለሁ።

ሃያኛውን ፎቶ እንዳትልኪ። የአንድ ሰው ስም ላኪልኝ። አውቶቡስ ጥሎሽ ቢሄድ ሥራዋን ጥላ ሾፌሩ ላይ የምትጮህልሽ አንዲት ሴት። ስሟ ቢከብድም ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ። ከሌለችም የለችም በዪኝ። «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ ብቻ።

እጅሽን መርፌ አይንካው፤ የረገጥሽው መንገድ ይልመድሽ።

እናትሽ ፓን ሹዬ