ሳልቀምስ የማይገባው ፍትፍት

እሑድ፣ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ተሾመ ጦር ግንባር ቆስሎ ሲታከም የሞርፊን መርፌ ለመደ፤ እዚህ ከመጣ በኋላ መርፌ ሲሰርቅ ተይዞ ታሰረ። የመረመሩት ሐኪም «ይህ ልጅ ታማሚ ነው» ብለው ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጻፉለትና ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል አስገቡት።

ዛሬ ከሰፈሬ ከሃያ ሁለት ፍትፍት ይዤለት ሄድኩ። እስር ቤት ሳለ ጠባቂዎቹ ፊታቸው ሳልቀምስ ምግብ አያስገቡልኝም ነበርና፣ የሆስፒታሉ በር ላይም ክዳኑን ከፍቼ ጎረስኩ። ሽማግሌው ዘበኛ ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ከራበሽ ግቢና ቁጭ ብለሽ ብዪ» አሉኝ።

ለተሾመ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፍትፍቱንም ጠርጎ በላው።

«ለሚመጣው እሑድ ጉርሻዬን እንዳትነኪ» አለኝ።